ብቻቸውን መጫወት ያልወደዱት ጌም ሠሪ

ለዚህ ዕትም ከሞተ የቆየ የታዋቂ ሰው ሕይወት ጻፉ ስንባል ገሚሱ የክፍላችን ልጅ ወደ ነገሥታት፣ ገሚሱ ወደ ደራሲያን ሄደ። እኔ የኮምፒዩተር ጌም ይሠሩ የነበሩ ሰው መረጥኩና ተሳቀብኝ። ለጌም ሠሪም የሕይወት ታሪክ ይጻፋል እንዴ የሚል ሳቅ ነው። እውነቱን ለመናገር እኔም ስለ ጌም ያን ያህል ግድ አልነበረኝም። ፍለጋውን የጀመርኩት አንድ ጥያቄ ይዤ ነው፤ ያለ ትልቅ ድርጅት፣ ያለ ብዙ ገንዘብ፣ ሦስትና አራት ሆነው በራሳቸው የሚሠሩ ሰዎች እንዴት አድርገው ነው ዘመን የሚሻገር ነገር የሚያወጡት? ተሰጥኦ ነው፣ ልፋት ነው ወይስ መተባበር? ሳነብ ሳነብ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ስም አገኘሁ፤ ዳኒ በንተን ቤሪ። በጌም ሠሪዎች ዘንድ ስማቸው በክብር የሚነሳ ነው። እኛ ግቢ ውስጥ ግን ስማቸውን የሚያውቅ ሰው አላጋጠመኝም።

ወደ ታሪኩ ከመግባቴ በፊት ስለ አጻጻፌ አንድ ነገር ላስቀድም። እኚህ ሰው አብዛኛውን ሥራቸውን የሠሩት ዳን በንተን በሚል የወንድ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ጾታቸውን ቀይረው ከዚያ በኋላ ዳኒ ተብለው በሴትነት ኖረዋል። በእንግሊዝኛ የሚጽፉ ሰዎች የቀድሞውን ዘመን ሲተርኩ እሱ ይበሉ እሷ ይበሉ ሲቸገሩ አይቻለሁ። እኛ አንቱታ አለን። ስለዚህ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንቱታ እጽፋለሁ፤ ለሞተ ሰውም ቢሆን የሚገባው እሱ ነው። (ዓመቶቹም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በንተን የተወለዱት ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1949 በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት፣ ሴንት ሉዊስ ከተማ ነው። ቤተሰቡ ስድስት ልጆች ያሉበትና ገንዘብ የማይተርፈው ነበር። ቤተሰቡን አንድ ላይ የሚያስቀምጠው ነገር ጠረጴዛ ላይ የሚዘረጋ ጨዋታ ነው፤ እንደ ሞኖፖሊ ያለ፣ ዳይ እየተጣለ፣ የወረቀት ብር እየተቆጠረ የሚጫወቱት። በንተን ካደጉ በኋላ የልጅነታቸው ደስተኛ ጊዜ የትኛው እንደነበር ሲያስታውሱ የሚያነሱት ይህንኑ ነው። ይህቺን ነገር አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ቀሪው ሕይወታቸው በሙሉ ያንን ጠረጴዛ ኮምፒዩተር ውስጥ ለማስገባት የተደረገ ትግል ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ላይ እያሉ ቤተሰቡ ወደ አርካንሶ ግዛት ዋና ከተማ ወደ ሊትል ሮክ ሄደ። በአርካንሶ ዩኒቨርሲቲ ኢንዱስትሪያል ኢንጂነሪንግ ተምረው በ1974 ተመረቁ። መሐል ላይ የብስክሌት ሱቅም ከፍተው ነበር። ከተመረቁ በኋላ የተቀጠሩበት ሥራ የከተማን ኑሮ በሒሳብ ሞዴል ማስላት ነበር። ሰው ሲበዛ ምን ይሆናል፣ ዋጋ ሲወደድ ማን ወዴት ይሄዳል፣ አንዱ ሲጎድል ሌላው እንዴት ይናጋል እንደማለት ነው። ደረቅ ሥራ ይመስላል፤ በኋላ ግን ትልቁን ጌማቸውን ያቆመው ይኼው ዕውቀት ይመስለኛል።

የመጀመሪያ ጌማቸው በ1978 ለአፕል ቱ ኮምፒዩተር የጻፉት «ዊለር ዲለርስ» ነው። አራት ሰዎች በአንድ ጊዜ ጨረታ የሚጫረቱበት ነው። ችግሩ ምን ሆነ መሰላችሁ፣ አራት ሰው አንድ ኪቦርድ ላይ ተጋፍቶ መጫወት አይችልም። ሌላ ሰው ቢሆን በቃ ጌሙን ለአንድ ሰው ያደርገው ነበር። በንተን ግን አራቱም እጅ በእጃቸው ይዘው የሚጫኑት መቆጣጠሪያ ለብቻ አሠርተው ከጌሙ ጋር በካርቶን አሽገው እንዲሸጥ አደረጉ። በዚያ ጊዜ ጌም በፕላስቲክ ከረጢት ተደርጎ 15 ዶላር ገደማ ነበር የሚሸጠው፤ የእሳቸው ግን በመቆጣጠሪያው ምክንያት 35 ዶላር ገባ። የተሸጠው 50 ቅጂ ያህል ብቻ ነው። አምሳ! የሠፈር ሱቅ እንኳን በቀን ከዚህ የበለጠ ማስቲካ ይሸጣል።

ከዚያ በኋላ ስትራቴጂክ ሲሙሌሽንስ ለሚባል አሳታሚ ሦስት ጌሞች ሠሩ። አንዱ ስለ አሜሪካ ፉትቦል፣ አንዱ ስለ ንግድ ውድድር፣ አንዱ ስለ ጦርነት ነው። በዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ዋናው ነገር፣ ስለ ንግድ የሚያወራው ጌም ትሪፕ ሃውኪንስ የሚባሉ ሰው ዓይን ውስጥ መግባቱ ነው። ሃውኪንስ በ1982 ኤሌክትሮኒክ አርትስ የሚባለውን ድርጅት ያቋቋሙ ናቸው፤ ዛሬ የእግር ኳስ ጌሙን የማያውቅ ወጣት ያለ አይመስለኝም። ያኔ ድርጅቱ ገና ጀማሪ ነበር። ሐሳባቸው ጌም ሠሪን እንደ ዘፋኝ መያዝ ነው፤ ጌሙ እንደ ሙዚቃ ሸክላ ባለ ሽፋን ታሽጎ፣ የሠሪዎቹ ስምና ፎቶ ወጥቶበት ይሸጣል። ሃውኪንስ የንግዱን ጌም ሊገዙ ጠየቁ፤ የቀድሞው አሳታሚ አልሸጥም አለ። በንተንም እንግዲያው ከእሱ የተሻለ ሌላ እሠራላችኋለሁ ብለው ቃል ገቡ።

ቃሉን ብቻቸውን ለመወጣት አልሞከሩም። ወንድማቸውን ቢል በንተንን፣ ጂም ረሺንግንና አላን ዋትሰንን ይዘው «ኦዛርክ ሶፍትስኬፕ» የሚባል የአራት ሰው ቡድን አቋቋሙ። ኦዛርክ በአርካንሶና በሚዙሪ የተዘረጋ ተራራማ አካባቢ ስም ነው። የጌም ሥራ ማዕከል ካሊፎርኒያ በነበረበት ጊዜ እነዚህ አራቱ ከሊትል ሮክ አልነቃነቅም አሉ። የማንም ተቀጣሪ አይደሉም፤ ጌሙን ይሠራሉ፣ ኤሌክትሮኒክ አርትስ ያሳትማል። ዛሬ ኢንዲ የሚባለው አሠራር ከዚህ ብዙም አይርቅም።

እዚህ ላይ ስለ ቡድን ሥራ አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልችልም። እኛ ግሩፕ አሳይመንት ስንሠራ የምናደርገውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አምስት ስም ሽፋኑ ላይ ይጻፋል፣ አንዱ ሌሊቱን ሙሉ ይጽፋል፣ ሁለቱ ለፎቶ ኮፒ ያዋጣሉ፣ የቀሩት ሁለቱ ፕሬዘንቴሽን ቀን ነው የሚታዩት። ባለፈው ሴሚስተር ሌሊቱን የጻፍኩት እኔ ነበርኩ፣ ከዚያ በፊት ባለው ደግሞ (ላምጣው እንግዲህ) ያልታየሁት እኔ ነኝ። የኦዛርክ ሰዎች ግን ሥራቸው መከፋፈል ብቻ አልነበረም። አራት ሰው የሚጫወተውን ጌም ለመፈተን አራት ሰው ያስፈልጋል። አንድ ሕግ ሲጨምሩ አብረው ተቀምጠው ይጫወታሉ፣ ማን እንደተሰላቸ፣ ማን እንደተናደደ፣ ማን ገና በመጀመሪያው ዙር ተስፋ እንደቆረጠ ያያሉ፤ ከዚያ ሕጉን ይለውጣሉ። ይህንን ማንም ባለ ተሰጥኦ ክፍሉን ዘግቶ ብቻውን ሊሠራው አይችልም።

የወጣው ጌም «ሚዩል» ይባላል፤ ዓመቱ 1983 ነው። ሚዩል ማለት በቅሎ ነው። እዚህ ግን በቅሎዋ ማሽን ናት፤ እርሻም፣ ማዕድንም፣ ኃይል ማመንጫም ላይ ብታሰማሯት የምትሠራ። ሐሳቡን የሮበርት ሃይንላይን አንድ ልቦለድ ውስጥ ካለ በቅሎ ጭኖ አዲስ አገር የማቅናት ታሪክ ነው የወሰዱት። ጨዋታው የሚካሄደው አይራታ በምትባል ፕላኔት ላይ ነው። አይራታ ማለት አታሪ የሚለው የኮምፒዩተር ስም ከኋላ ወደ ፊት ሲነበብ ነው፤ ተጫዋቾች ነበሩ ማለት ነው። አታሪ 800ን የመረጡትም በከንቱ አይደለም፤ ያ ኮምፒዩተር አራት የጆይስቲክ መሰኪያ ነበረው። ከአምስት ዓመት በፊት በካርቶን ለማሸግ የታገሉለት ነገር ፋብሪካው ላይ ተሠርቶ መጣላቸው።

አጨዋወቱን ላስረዳ። አራት ሰፋሪዎች ፕላኔቷ ላይ ይወርዳሉ፤ ሰው የጎደለ እንደሆነ ኮምፒዩተሩ ይሞላል። ሙሉው ጨዋታ 12 ወር፣ ለጀማሪ ደግሞ 6 ወር ነው። በየወሩ ሁሉም አንድ አንድ መሬት ይይዛሉ፣ በቅሎ ይገዛሉ፣ አስታጥቀው መሬታቸው ላይ ያሰማራሉ። የሚመረተው ምግብ፣ ኃይል፣ የብረት ማዕድንና ክሪስታል ነው። ምግብ ያነሰው ሰው በሚቀጥለው ወር የመሥሪያ ጊዜው ያጥራል፤ ኃይል ያጠረው ምርቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ሁሉንም አምርቼ ራሴን እችላለሁ ማለት አያዋጣም፤ መገበያየት ግድ ነው።

ጨረታው ነው ጉዱ። ገዢዎች ከታች፣ ሻጮች ከላይ ይቆማሉ። ገዢ ወደ ላይ በተራመደ ቁጥር የሚከፍለው ይጨምራል፣ ሻጭ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ዋጋው ይቀንሳል፤ ሁለቱ ሲገናኙ ሽያጩ ይፈጸማል። ሰዓቱ እየቆጠረ ነው። ሻጩ አልወርድም ብሎ ይገትራል፣ ገዢው ይለምናል፣ ሌላው ገዢ ደግሞ አጠገቡ ተቀምጦ ዝም ብሎ ዋጋ ይሰቅላል። ከፈለጉም ሁለት ሰዎች ተመሳጥረው ሌሎቹን አስወጥተው ለብቻቸው ይገበያያሉ። ይህን ሳነብ መርካቶ ትዝ ብሎኝ ሳቅሁ። ጨዋታው ስክሪኑ ላይ ነው እንጂ ጭቅጭቁ ያለው ሶፋው ላይ ነው። በንተን የፈለጉትም እሱን ነበር።

በጣም የወደድኩት ግን ለደካማው የተደረገውን ነው። የሚመራው ሰው መልካም ዕድል አይወጣለትም፣ መጨረሻ ላይ ያለው ደግሞ ክፉ ዕድል አይደርስበትም። ሁለት ሰው አንድ መሬት ላይ እኩል ቢጫን የሚወስደው ወደኋላ የቀረው ነው። ተጫዋቹ ሲጀምር ከሚመርጣቸው ፍጥረታት መካከል ለጀማሪ የታሰበው 1,600 ብር ይዞ ይነሳል፣ ሌሎቹ 1,000፣ ሰው የሆነው ደግሞ 600 ብቻ። ስለዚህ የስምንት ዓመት ልጅ ከአባቱ ጋር እኩል ተቀምጦ ይጫወታል፤ አባትየውም እያወቀ ለልጁ መሸነፍ አያስፈልገውም። መጨረሻ ላይ የእያንዳንዱ ሀብት ተቆጥሮ አንደኛ የወጣው ይነገራል፣ ግን ሌላም ፍርድ አለ። የአራቱ ሀብት ተደምሮ ሰፈራው በሙሉ ተሳክቶለታል ወይስ ወድቋል የሚለው ይወጣል። ምግቡን ሁሉ አፍኖ ሌሎቹን ያስራበ ሰው አንደኛ ቢወጣም፣ አንደኛ የወጣው በወደቀ አገር ላይ ሊሆን ይችላል። ይህ ሁሉ 48 ኪሎባይት ሜሞሪ ውስጥ የገባ ነው። ዛሬ በሞባይላችን የምናነሳት አንዲት ፎቶ ከዚህ ብዙ እጥፍ ቦታ ትይዛለች።

ተቺዎች አደነቁት። የተሸጠው ግን 30,000 ቅጂ ገደማ ነው። በየቤቱ እየተባዛ በነፃ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር እንደነበረ ይነገራል፤ የተጫወተው ሰው ከገዛው ሰው ብዙ ይበልጣል። ለሠሪዎቹ ኪስ ግን የሚገባው የተሸጠው ብቻ ነው።

ቀጥሎ በ1984 ያወጡት «ሰቨን ሲቲስ ኦፍ ጎልድ» ነው። ተጫዋቹ ከስፔን በመርከብ ተነስቶ አዲሱን ዓለም የሚያስስ ነው፤ ካገሬው ሕዝብ ጋር በሰላም ሊነግድም፣ ሊወጋቸውም ይችላል። ካርታው ሲሰለች ኮምፒዩተሩ ማንም አይቶት የማያውቅ ሌላ አህጉር ፈጥሮ ያቀርባል። ከ150,000 በላይ ተሸጠ። ሲድ ሜየር በኋላ የሠሩት ታዋቂው የባሕር ወንበዴዎች ጌም ከዚህ ብዙ እንደተማረ ይታወቃል። ታዲያ ልዩነቱን ልብ በሉ፤ «ሰቨን ሲቲስ» የሚጫወተው አንድ ሰው ብቻውን ነው። በአምስት እጥፍ የተሸጠው እሱ ነው።

እንግዲህ የእሳቸው ፈተና እዚህ ላይ ነው። ምን እንደሚሸጥ አወቁ። ገበያው ቁጭ አድርጎ ነገራቸው። አሳታሚውም ተመሳሳይ እንዲደግሙለት ፈለገ፤ በ1985 «ሃርት ኦፍ አፍሪካ» የሚል፣ በ1890 አፍሪካ ውስጥ የፈርዖን መቃብር ስለሚፈልግ አሳሽ የሚተርክ ጌም አወጡ። (አፍሪካዊ ሆኜ ሳየው አህጉራችን እንደተለመደው ሀብት የተቀበረበት ጫካ ሆናለች፤ ይህን ባልጽፍ ደስ አይለኝም።) ከዚያ ግን መንገዱን ትተው ተመለሱ። ወደ ሶፋው፣ ወደ ጭቅጭቁ፣ ወደማይሸጠው።

በ1986 «ሮቦት ራስካልስ» ወጣ። ካርታና ኮምፒዩተር ተደባልቀው የሚጫወቱት ሲሆን ለአንድ ሰው የሚሆን አጨዋወት ጨርሶ አልተሠራለትም። ብቻህን ከሆንክ አትጫወተውም፣ በቃ። 9,000 ያህል ተሸጠ። በ1988 ደግሞ «ሞደም ዎርስ» መጣ፤ ሁለት ሰዎች በየቤታቸው ሆነው በስልክ መስመር እየተገናኙ የሚዋጉበት ነው። እስቲ አስቡት፣ በ1988 ሞደም ያለው ሰው ጥቂት ነው፣ ካለው መሐል ጌሙን የገዛ ጥቂት፣ እሱም ጌሙንም ሞደሙንም የያዘ ጓደኛ ያስፈልገዋል፣ ስልኩ ደግሞ ይቆጥራል። አልሸጥ አለ። ሐሳቡ ግን ትክክል ነበር፤ የጎደለው መስመሩ ነው እንጂ።

ከኤሌክትሮኒክ አርትስ ተለይተው ወደ ማይክሮፕሮዝ ሄዱና በ1990 «ኮማንድ ኤችኪው»ን፣ በ1992 «ግሎባል ኮንኩዌስት»ን አወጡ። ሁለቱም በሞደም ወይም በኔትወርክ ከሌላ ሰው ጋር የሚጫወቱባቸው የጦርነት ጌሞች ናቸው። በተለይ ሁለተኛው አራት ሰው ያገናኝ ነበር። አሁንም አራት ሰው!

በኖቬምበር 1992 ከላይ ያነሳሁትን የጾታ ለውጥ አደረጉ። ከዚያ በኋላ በሙያው ውስጥ የነበራቸው ቦታ እየጠበበ፣ ሥራቸውም እየቀነሰ ሄደ። ስለ ግል ሕይወታቸው ብዙ የተጻፈ አለ፤ እኔ ግን እዚያ ውስጥ መግባቱ የዚህ ጽሑፍ ሥራ አልመሰለኝም። መንገር የምፈልገው ከዚያ በኋላ የሆነውን አንድ ነገር ነው። «ሚዩል» ለሴጋ ማጫወቻ እንደገና እየተሠራ ነበር። ሥራው ከተገፋ በኋላ አሳታሚው ጠመንጃና ቦምብ ይግባበት አለ። በዚያ ዘመን የሚሸጠው እሱ ነበርና። በንተን እምቢ አሉ። ጌሙም ሳይወጣ ቀረ። ገንዘብ የሚያስፈልጋቸው ሰው፣ ስማቸው እየተረሳ ባለበት ሰዓት፣ ሊያስታውሳቸው በሚችለው ሥራ ላይ እምቢ አሉ። ስለዚህ ውሳኔ ከክፍል ጓደኛዬ ጋር ተከራክረናል። እሱ ግትርነት ነው ይላል፤ ቦምቡን አስገብቶ ጌሙን ማትረፍ ይሻል ነበር ባይ ነው። እኔ ደግሞ አራቱ ሰፋሪዎች በቦምብ ከተዋጉ ያ የሰፈራው የጋራ ውጤት ምን ይሆናል እላለሁ። እስካሁን አልተስማማንም።

ከዚያ ኢንተርኔት መጣ። ያለ ስልክ ቆጠራ፣ ያለ ካርቶን መቆጣጠሪያ ሰውና ሰው የሚገናኝበት መስመር ተዘረጋ። በ1997 በንተን «ሞደም ዎርስ»ን አድሰው «ዋርስፖርት» በሚል ለኢንተርኔት አቀረቡት። ያው በ1997 በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በአንድ ዓለም ውስጥ አብረው የሚጫወቱበት «አልቲማ ኦንላይን» ወጥቶ ነበር፤ ሃያ ዓመት ያህል ብቻቸውን ሲሉት የኖሩት ነገር የገበያው ወሬ ሆነ። በሜይ 1998 የኮምፒዩተር ጌም ሠሪዎች ማኅበር የዕድሜ ልክ ሥራ ሽልማት ሰጣቸው። የሳንባ ካንሰር ይዟቸው ነበር። ከሽልማቱ ሁለት ወር ሳይሞላ ጁላይ 3 ቀን 1998 አረፉ። ገና 49 ዓመታቸው ነበር።

በ2007 የጌም ሙያ አካዳሚው ከታላላቆቹ መዝገብ ውስጥ አስገባቸው። በ2009 ደግሞ «ሚዩል» በኢንተርኔት በነፃ የሚጫወቱት ሆኖ ዳግመኛ ተሠራ፤ አሁን አራቱ ሰዎች አራት አገር ሆነውም ይጫረታሉ።

ከሁሉም በፊት ግን በ2000 ዊል ራይት «ዘ ሲምስ»ን ሲያወጡ መታሰቢያነቱን ለበንተን አደረጉት። ያ ጌም ከሁለት ዓመት በኋላ በኮምፒዩተር ጌም ታሪክ ያኔ ከማንም በላይ የተሸጠ ሆነ። የሚጫወተውም አንድ ሰው ብቻውን ነው።